የምድር መቀነት አንድ ሜትር ቢላላ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። እሁድ እሁድ እናቴ ቤት ቡና ላይ እንገናኛለን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሷም ታምነኛለች። እስከዚያች እሁድ ድረስ እንዲህ ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

«ጋሼ፣ ምድርን ወገቧ ላይ በገመድ ጥብቅ አድርገን አሰርናት እንበል» አለችኝ። «ተራራ የለም፣ ገደል የለም፣ እንደ ኳስ ድቡልቡል ናት። ከዚያ ገመዱን ቆረጥንና 1 ሜትር ቀጠልንበት። አሁን ላላ አይደል? ዙሪያውን እኩል ከመሬት ከፍ ቢል፣ ከሥሩ ምን ያልፋል? ጉንዳን? አይጥ? ድመት?»

እኔ እንጀራዬ ቁጥር ነው። የሰው መዝገብ ስዘጋና ስከፍት 20 ዓመት አልፎኛል። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር መሆኑን ስልኬ ላይ አየሁና በሆዴ አካፈልኩ። 1 ሜትር ለ40,000 ኪሎ ሜትር ሲከፋፈል ለአንዱ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው።

«ምንም አያልፍም» አልኳት። «ጉንዳንም አታልፍ። ስስ ወረቀት እንኳ አይሾልክም።»

«ድመት ታልፋለች።»

ሳቅሁ። እናቴ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር፤ እሷም እኔን አይታ ሳቀች። በ100 ብር ካርድ ተወራረድን። ካርዱን የሞላሁት ቡናው በረካ ሳይደርስ ነው። ልጅቷ ነገሩን በሁለተኛው ቀን ረስታዋለች፤ ስልኳ ላይ ሌላ ነገር አግኝታ ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነውና እኔ ግን ሦስት ሳምንት ይዤው ዞርኩ።

ሁለት ፓይ አር

ቀመሩን አላውቀውም እንዳልል አውቀዋለሁ። የክብ ዙሪያ ሁለት ፓይ አር ነው፤ ፓይ 3.14 ገደማ፣ አር ደግሞ ሬዲየሱ፣ ማለትም ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን አርጩሜውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ፣ 60 ልጅ በአንድ ድምፅ እያስጮኸ እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠንቶናል። ዛሬ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳልገልጥ እላችኋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።

ልጅቷ የሠራችው ይህንኑ ነው። የቡና መግዣው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች። የመጀመሪያው ገመድ ርዝመት ሁለት ፓይ ሲባዛ በምድር ሬዲየስ ነው። የሁለተኛው ገመድ ርዝመት ሁለት ፓይ ሲባዛ በምድር ሬዲየስና በክፍተቱ ድምር ነው። ሁለቱ በ1 ሜትር ይበላለጣሉ። አንዱን ከሌላው ስትቀንሱ የምድር ሬዲየስ ከሁለቱም ወገን ይጣፋል፤ የቀረው ሁለት ፓይ ሲባዛ በክፍተቱ እኩል ይሆናል 1 ሜትር ነው። ስለዚህ ክፍተቱ 1 ሲካፈል ለ6.28 ሆነ። 15.9 ሳንቲ ሜትር፤ 16 በሉት። ድመት ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ዶሮም የምታልፍ ይመስለኛል።

ያናደደኝ መሸነፌ ብቻ አልነበረም፤ ሬዲየሱ መጥፋቱም ነው። 6,378 ኪሎ ሜትር የሚያህል ነገር ገባና ምንም ሳያደርግ ወጣ። እኔ በምሠራበት ዓለም እንዲህ ያለ ቁጥር ከመዝገብ ላይ ከጠፋ ኦዲተር ይጠራል። ደረሰኙን ገልብጬ ራሴ ሠራሁት፤ ያው ሆነ። በሌላ መንገድ ሠራሁት፤ ያው ሆነ። እጄ አመነ፣ ሆዴ አላመነም።

እንቆቅልሹ አዲስ አይደለም። ኒውተን ካምብሪጅ ላይ የለቀቀውን የሒሳብ ወንበር የወረሰው ዊልያም ዊስተን እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው የኤውክሊድ ጂኦሜትሪ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ከ300 ዓመት በላይ የሰው ልጅ እየተሸነፈበት መጥቶ፣ እኔ እናቴ ሳሎን ውስጥ ደረሰኝ። ሲያስቡት ትንሽ ያጽናናል።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የተሳሳትኩበትን ቦታ ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁትም ከጠበቅሁት ይለያል። እኔ ያሰብኩት በመቶኛ ነበር። 1 ሜትር ከ40,075 ኪሎ ሜትር አንፃር ከ100 ሚሊዮን 2 ተኩል እጅ ነው፤ ኢምንት። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። 16 ሳንቲ ሜትርስ ከ6,378 ኪሎ ሜትር አንፃር ስንት ነው? እሱም ከ100 ሚሊዮን 2 ተኩል እጅ! ምድር ራሷ ብትጠየቅ ከእኔ ጋር ትስማማለች፤ ለእሷ ገመዱ አልላላም፣ ከቆዳዋም አልተነሳም። የተሳሳትኩት በድመቷ ነው። ድመት በመቶኛ አታልፍም፤ በሳንቲ ሜትር ነው የምታልፈው። ስሌቱን በአንድ መለኪያ ሠርቼ ፍርዱን በሌላ መለኪያ ሰጠሁ። ሥራ ቦታ ሌላው ሰው እንዲህ ሲያደርግ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

ይህን ካገኘሁ በኋላ እንቅልፍ ሊወስደኝ ይገባ ነበር። አልወሰደኝም።

ስኒና ምጣድ

ቅዳሜ ማንም ሳያየኝ የሲባጎ ጥቅል ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ስኒ። አፉን በሲባጎ ዞርኩት፣ 1 ሜትር ጨመርኩ፣ ወለሉ ላይ ክብ አድርጌ ዘረጋሁትና ስኒውን መሃል አስቀመጥኩ። ከስኒው ጠርዝ እስከ ሲባጎው በማስመሪያ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጥሩ፤ ለስኒ ይገባኛል። ስኒ ትንሽ ነው፣ 1 ሜትር ደግሞ ለስኒ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣዱ። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ዙሪያው 188 ሆነ። 1 ሜትር ጨምሬ ዘረጋሁ። 16 ገደማ። ሲባጎው እየተጣመመ አስቸግሮኝ ስለነበር ልጠራጠር ፈለግሁ፤ ግን በአራቱም አቅጣጫ ለካሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ምጣዱን በገመድ ከብቤ ተንበርክኬ ስታየኝ ምንም ሳትል ተመለሰች።

ከስኒ ወደ ምጣድ ቁጥሩ አለመነቃነቁን በዓይኔ አየሁ። ከምጣድ ወደ ምድር ለመሄድ ግን ዓይን አይበቃም። በስኒና በምጣድ የታየ ሁሉ በምድር ይሆናል ያለው ማነው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። እኔ ያለኝን ሲባጎ ሁሉ ጠምጥሜ ጨርሼ ገና ምንም አልተማርኩም ነበር።

6

እናቴ ቤት ኪሮሽ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የውኃ ጆጉ፣ አንድ ሰሞን የቤቱ ስልክ ጭምር። እጇ ሥራ ሲፈታ ያማታል። ሦስተኛው እሁድ ላይ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ለአዲሱ ቴሌቪዥን ክብ ዳንቴል እየሠራች ነበር። ዓይኗ ዜናው ላይ ነው፤ ጣቷ ለብቻው ይሄዳል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዳንቴሉ በአንድ ዙር በአንድ ዙር ሲሰፋ አያለሁ። ስንት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ይህ ነገር እየሰፋ ሲሄድ እንዴት ጠረጴዛ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛል?

«እማዬ፣ ሲሰፋ በየዙሩ ስንት ቋጠሮ ትጨምሪበታለሽ?»

«6።»

«አሁን ነው 6? መጀመሪያ ላይስ?»

«መጀመሪያም 6፣ አሁንም 6። በ6 ትጀምራለህ፤ ቀጥሎ 12፣ ቀጥሎ 18፣ ከዚያ 24። ምን ሚስጥር አለው ብለህ ነው?»

«ጠርዙ እንዲህ ሲተልቅ ግን ጭማሪውም መብዛት አልነበረበትም?»

ኪሮሹን ጭኗ ላይ አሳረፈችና አየችኝ። «ካበዛህበት እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። ካሳነስህበት ይኮማተርና ቆብ ይሆንልሃል። ተዘርግቶ እንዲተኛ ከፈለግህ 6 ነው። ያንን ረጅሙን ቋጠሮ ስትሠራ ነው 12 የምትጨምረው፤ ቁመቱ እጥፍ ስለሆነ።»

ቁመቱ እጥፍ ስለሆነ! እንዲህ ብላ እንደ ዋዛ ወደ ዜናዋ ተመለሰች። ጭማሪው የሚወሰነው ወደ ውጭ በተራመድከው ልክ ነው፤ ምን ያህል ርቀህ እንደቆምክ አይጠይቅም። አጭር እርምጃ 6፣ እጥፍ እርምጃ 12።

ልቤ መምታት ጀመረ፤ ግን ልፈትናት ፈለግሁ።

«እሺ፣ ጠርዙ ላይ አሁን ካለው 100 ቋጠሮ እንዲበልጥ ብፈልግ ስንት ዙር ልሥራ?»

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «6 እየጨመርክ 100... 16 ዙር። ጥቂት ይተርፍሃል።»

16! ሦስት ሳምንት አላስተኛ ያለኝን ቁጥር እናቴ ዜና እያየች አወጣችው።

«የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ብትሆንስ?»

«16።»

«ይህን ሳሎን የሚሞላ ቢሆንስ?»

«16 ነዋ! 6 እየጨመርክ 100 ለመድረስ ሌላ ምን መንገድ አለ?»

«አገሩን ሁሉ የሚያለብስ ቢሆንስ?»

«ክሩን ማን ይገዛልኛል?»

አንዷን ቋጠሮ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንስጣት። 100 ቋጠሮ 1 ሜትር ነው። 16 ዙር 16 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጅቷ ደረሰኝ ላይ የጻፈችው ይኸው ነው፤ በክር። በትክክል 6.28 መሆን ሲገባው እናቴ 6 የምትለው ክር ስለሚለጠጥ ነው፤ የጎደለችውን 0.28 ክሩ ራሱ ይሸፍናታል። 6 ሁለት ፓይ ነው ማለት ነው! ያ አርጩሜ ጠረጴዛውን ሲመታ የጮህነው ቁጥር፣ እቤታችን ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምድር አላስቸገረችኝም። ከመሃሏ ጀምሮ እስከ ወገቧ የሚደርስ ዳንቴል አሰብኩ። ጠርዙ ላይ 4,007,500,000 ቋጠሮ አለው። ቀጣዩ ዙር ስንት ይሆናል? 4,007,500,006። ከ6 ወደ 12 ሲሄድ የተጨመረው 6፣ ከ4 ቢሊዮን በኋላም ያው 6 ነው። ሬዲየሱ ከደረሰኙ ጀርባ ላይ የጠፋው ለዚህ ነው። አልተሰረቀም፤ ድሮም ከጭማሪው ውስጥ አልነበረበትም።

«መቀነት 1 ሜትር ከላላ እኮ ይወልቃል» አለች እናቴ ጥያቄውን በሙሉ ስነግራት። ለሰው ወገብ ልክ ናት።

ውጭ የቆመው ሯጭ

አንዴ ከገባኝ ነገሩ በየቦታው ይታየኝ ጀመር። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ስታዲየም ስገባ፣ በ400 ሜትር ውድድር የዳር መም ላይ ያለው ሯጭ ከሌሎቹ ፊት ቆሞ ሲነሳ አይቼ «ኧረ እሱ ቀድሞ ቆመ!» ብዬ ጮኬ አውቃለሁ። አባቴ «ውጭ ያለው ብዙ ስለሚሮጥ ነው» ብሎ ዝም አሰኝቶኛል። ስንት ብዙ? የአንድ መም ስፋት 1.22 ሜትር ነው። በ6.28 አባዙት፤ 7.67 ሜትር። ቀጥ ያለው ክፍል ለሁሉም እኩል ነው፤ የሚያበላልጠው መታጠፊያው ነው፤ ሁለቱ መታጠፊያዎች ሲገጣጠሙ አንድ ሙሉ ክብ ይወጣቸዋል። በአንድ መምና በቀጣዩ መካከል ያለው የመነሻ ልዩነት ይኸው ነው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው መም ልዩነት ብቻ 7.04 ነው፤ የመጀመሪያው ከጠርዙ 30፣ ሌሎቹ ከመስመሩ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚለኩ። መታጠፊያው ሰፊም ይሁን ጠባብ ሒሳቡ አይለወጥም። ምድርን የሚዞር መም ቢሠራም የዳሩ ሯጭ በመም 7.67 ሜትር ብቻ ነው ቀድሞ የሚቆመው።

የ10,000 ሜትር ሯጮቻችን የውስጡን መስመር እንደ እናት ጡት የሚይዙት ለምን እንደሆነም አሁን በቁጥር አውቄዋለሁ። ከውስጥ መስመር 1 ሜትር ወጥቶ የሚሮጥ በየዙሩ 6.28 ሜትር ይጨምራል፤ በ25 ዙር 157 ሜትር ይሆናል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ በገባበት ፍጥነት 157 ሜትር 25 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን «ውጣ! ውጣና እለፍ!» እያልን የምንጮህበትን ሰዓት ሁሉ አስቤ አፈርኩ።

አንድ ቦታ ብቻ

በሚቀጥለው እሁድ የእህቴን ልጅ አስቀምጬ ዳንቴሉን ዘርግቼ አስረዳኋት። ስለ 6፣ ስለ 16፣ ስለ መሙ። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለች፦

«ጥሩ። አሁን ገመዱን ዙሪያውን አናነሳውም። 1 ሜትር ከቀጠልንበት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይዘን ወደ ላይ እንጎትተዋለን፤ ሌላው ምድር ላይ ተጣብቆ እስኪወጠር ድረስ። ስንት ይነሳል?»

አሁን ብልህ ሆኛለሁ። ዙሪያውን ሲነሳ 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጭማሪው ሁሉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ይበልጣል። ግማሽ ሜትር? 1 ሜትር ከጨመርን ደግሞ ከ1 ሜትር ሊበልጥ አይችልም። «ግማሽ ሜትር» አልኩ። የካርድ ውርርድ ግን አልገባሁም።

ቤቴ ገብቼ ሠራሁት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። መልሱ 121 ሜትር ከግማሽ ነው። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ነው፤ አምስቱን ብትደራርቡት ገና የገመዱን ጫፍ አይነካም። ገመዱ ከዚያ ጫፍ ተነስቶ በግራም በቀኝም 39 ኪሎ ሜትር ያህል አየር ላይ ይሄዳል፤ በእኛ መንገድ ብንለካው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው መሬት የሚነካው። ምድር በዚያ ርቀት ውስጥ የምትጎብጠው በጣም በቀስታ ስለሆነ ገመዱ ከመሬት ተነስቶ በቀጥታ ሲሄድ የሚፈጀው ተጨማሪ ርዝመት እዚህ ግባ አይባልም፤ ስለዚህ ያችን 1 ሜትር ለመጨረስ ያን ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። እንዲህ ብዬ አብራራዋለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህኛው ሆዴ ገና አልገባም። ለዚህ የሚሆን ዳንቴል እናቴ የላትም።

ይልቅ ኪሮሽ አስተምሪኝ አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን አስያዘችኝ። 6 ጀመርኩ፣ 12 ሆነ፣ 18 ሆነ። አራተኛው ዙር ላይ ዜና ገባና እኔም እንደሷ ዓይኔን ጣል ለማድረግ ሞከርኩ። ስመለስ ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ፣ ተኮማትሮ፣ የትንሽ ልጅ ቆብ ይመስላል። እናቴ ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው፤ ክሩን ያዘችና እስከ ሦስተኛው ዙር ተረተረችው።

«ይኸው 18» አለችና መለሰችልኝ። «ከዚህ ጀምር። ቴሌቪዥኑን ተወው።»